ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ይላል፣ እናቴ ግን እያለቀች ነው

ሚጡ ከአራት ኪሎ፦

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ቤት ሐኪምም ነርስም እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ናት። ከሾላ ገበያ ሁለት ዘንቢል ሞልታ፣ ታክሲ ተጋፍታ የምትመለስ፣ እኛን «ወጣት ሆናችሁ ምን ይደክማችኋል» ብላ የምትቆጣ ሴት ነበረች። አሁን ደረጃውን ሳትጨርስ መሃል ላይ ትቀመጣለች። ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ ትላለች። ሌሊት ልቤ ደለቀ ብላ ትነሳና እስኪነጋ አልጋው ጫፍ ላይ ትቆያለች። ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ አናቴን ያግለኛል፣ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰንቅሯል፣ ሆዴን ነፋኝ፣ እጄ ደነዘዘ... አንዱ ሲተዋት ሌላው ይነሳባታል። ከስታለችም። ቀሚሶቿን አስጠብበናል።

ያልሄድንበት የለም። ለልቧ ኢሲጂም ኢኮም ተነሳች፣ ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድም ታየች። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባት ተብሎ ኪኒኑን ጨርሳ ወስዳለች። መልሱ ያው ነው፤ ምንም የለባትም። መጨረሻ ላይ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፣ ዶክተሩ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እማማ ጤነኛ ነዎት፣ ብዙ አያስቡ» ብሎ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላለች። «ውሸቴን ነው እንዴ የማመው?» ነው የምትለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳውዲ ለመሻገር ሄደ። ጅቡቲ ጠረፍ ኦቦክ ደርሻለሁ ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ደላላው ስልኩን ዘጋ። አብረውት ከወጡት ልጆች አንዱ ጀልባ ተገልብጧል አለን። ሌላው ደግሞ የለም፣ የመን እስር ቤት አየሁት የሚል ሰው አለ አለ። በቃ ይሄ ነው ያለን።

እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። በምን ትቀመጥ? መርዶ ያመጣ የለም። ድንኳን አልተጣለም፣ እድርም አልተጠራም። ጎረቤት ይመጣል ግን ምን እንደሚል ጨንቆት ቡናውን ጠጥቶ፣ ስለ ዘይት ዋጋ አውርቶ ይሄዳል። «እግዜር ያጥናሽ» ቢል መግደል ይሆንበታል፣ «ይመጣል አይዞሽ» ቢል ማሾፍ ይሆንበታል። አንዷ ዘመዳችን ጥቁር ልበሺና ይውጣልሽ ብትላት «በቁሙ ልቅበረው?» ብላ ቤቱን ለቃ ወጣች። ስልኳ ሳይዘጋ ነው የሚያድረው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እውነት ሐዘን ሰውነትን እንዲህ ያደርጋል ወይስ ያልታየ በሽታ አለ? ዘመድ ጸበል ውሰጃት ይላል፣ አክስቴ ራሷ የምትውጠውን የእንቅልፍ ኪኒን እያካፈለቻት ነው፣ ሥራ ቦታ ያለች ልጅ ደግሞ ሳይካትሪ አሳያት ትላለች። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ባነሳባት ቀን አሳበድሽኝ እንዴ ብላ ኩርፊያው ሊያልቅ አልቻለም። ምን ይሻለኛል?

ሲስተር ነኝ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እናትሽን የመሰሉ እናቶች የማይመጡበት ሳምንት የለም። መጀመሪያ ይሄን ንገሪልኝ፦ «ምንም የለብዎትም» ማለትና «በዚህ ምርመራ ያገኘነው ነገር የለም» ማለት ለየቅል ናቸው። ሕመማቸው የእውነት ነው። ውሸት የሚያስመስለው የእኛ አነጋገር ነው፣ ሰልፉ በር ድረስ ሲሆን ሰው ቶሎ ለመሸኘት የማይለው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከጅብ ያስመልጣል። ቆየት ሲል ኮርቲሶል የሚባለው ይከተላል፤ እሱ ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያዛባል፣ ከቆየ በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። የእናትሽ ድንጋጤ ግን አላለቀም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ሳይጮህ ሲያድር ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ነው። እጅ መደንዘዙ ብዙ ጊዜ ከአተነፋፈስ ይመጣል፦ የተጨነቀ ሰው ሳይታወቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣቱና የከንፈሩ ዙሪያ ይደነዝዛል። ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረ የሚሉትም የጡንቻ መወጠር ሊሆን ይችላል። እንጀራ ሲውጡ የሚያንቃቸው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ኢንዶስኮፒ (በካሜራ ውስጡን ማየት) ያስፈልጋል።

«ልቡ ተሰብሮ ሞተ» የሚባለውንም በቀልድ አትዩት። እንግሊዝ አገር በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን ከ4,000 የሚበልጡ፣ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ ወንዶች ተከታተለ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሞቱት፣ በዚያ ዕድሜ ካሉ ባለትዳሮች ከሚጠበቀው 40 በመቶ በለጡ። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሃርት አታክ ያጋጠማቸውን ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ጠይቀው፣ የቅርብ ሰው በሞተበት የመጀመሪያ ቀን አደጋው ከሌላው ጊዜ 21 እጥፍ ሆኖ አገኙት፣ ከዚያ ቀን በቀን እየቀነሰ ይሄዳል። እኛ ጋ ይሄን ለማመን ጥናት አያስፈልግም። ሐዘንተኛዋ መሬት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ እህል ሳትቀምስ፣ የግፊት ኪኒኗን የሚያስታውሳት ጠፍቶ፣ በሰልስቱ ማግስት በታክሲ ተጭና ትመጣለች። መቶ ሰው ሊያስተዛዝን ቤቷ ገብቶ ወጥቷል፣ «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ያላት ግን የለም።

ታኮትሱቦ የሚባል የልብ ሕመምም አለ። ጃፓኖች ናቸው በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ የለዩት። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የልብ ጡንቻ በከፊል ይዝላል። ሲያዩት ሃርት አታክ ነው የሚመስለው፣ የልብ ደም ሥር ግን አልተዘጋም። አብዛኞቹ ታማሚዎች ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። ኢኮ ላይ ይታያል። የእናትሽ ኢኮ ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ተነስቶ ንጹሕ ከሆነ እሱ አይደለም፣ ይሄን ከሐሳብሽ አውጪው።

የአክስትሽን ኪኒን ስሙን እይልኝ። ዲያዜፓም ከሆነ ሱስ ያስይዛል፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ሌሊት ሲነሳ ይጥላል። ብዙ ጊዜ ወስደውት ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አታስቁሚያቸው፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

የጊዮርጊስ ልጅ፦

ሲስተር ያለችው ልክ ነው ግን እኔ ትንሽ ልረብሽ። አቦ ይሄ «ሐዘን ነው፣ ጭንቀት ነው» የሚባል ነገር ሰው ገድሏል። የእኛ አክስት ባሏ ሲሞት ከሳች፣ ልቧ ይመታል፣ ያልባታል፣ እንቅልፍ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ሐዘኑ ጎዳት አለ። ሐኪሙም ያው። በኋላ አንዷ ጎበዝ ሐኪም አንገቷን ነካ አድርጋ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ አዘዘች፣ ዕጢው ከመጠን በላይ ይሠራ ነበር። መድኃኒት ጀመረች፣ ሰውነቷ ተመለሰ። ሐዘኑ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ነበሩ። አንዱ ሌላውን ሸፈነው።

ስለዚህ ሚጡ፣ «ደም ሰጠች» ያልሽው ምን ምን እንደታየ ወረቀቱን አውጥተሽ እዪ። ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) አለበት? ስኳር? ደም ማነስ? የከሳ ሰው ስለሆነች ቲቢም መታየት አለበት፣ ሳል ወይ የሌሊት ላብ ካለማ በደንብ። የጨጓራው ባክቴሪያም ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ጠፍቷል ወይ ተብሎ እንደገና ይመረመራል፣ ብዙ ሰው ይሄን ይዘላል። ዕድሜዋ ደግሞ የማረጥ ዕድሜ ነው፣ ሙቀቱና የልብ ምቱ ከፊሉ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሁሉ ጨርሰሽ ነው ሐዘን የምትይው።

ሌላ ደግሞ፣ የደረቱ ሕመም ወደ ክንድ ወይ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቃት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ያኔ የለመደባት ነው ብሎ መጠበቅ የለም። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ ካልተገኘ ራይድ ጥሪና ሂጂ።

ሲስተር ነኝ፦

ልክ ብለሃል። ታይሮይዱ እኔም ያመለጠኝ አይመስለኝም፣ ግን አልጻፍኩትም። የከሳ ሰው ላይ መታየት አለበት።

ቃልኪዳን የእናቷ፦

አንብቤ አለቀስኩ። ፈጣሪ ያገናኛችሁ። ጸበሉን ግን ለምን እንደ ኋላቀርነት ታዩታላችሁ? እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ገብታ ነው እንቅልፍ ያገኘችው።

የጊዮርጊስ ልጅ፦

ማን ኋላቀር አለ? ትሂድ። ኪኒኗን ይዛ ትሂድ ነው የምንለው። በኤችአይቪው ጊዜ መድኃኒታቸውን ጥለው እንጦጦ የወጡ ስንቶቹን ቀበርን፤ በኋላ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል። አለቀ።

የሰባተኛው ሽማግሌ፦

ልጄ ሚጡ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። መርካቶ ሰባተኛ ነው ሰፈሬ። ባለቤቴ በኮሮናው ሰሞን በ2012 ሞተች። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል የሆነበት ወቅት ነው። ጀናዛዋን ጥቂት ሆነን ሸኘን። ተዕዚያ የለ፣ የሚያድር ጎረቤት የለ። ልጆቼ በስልክ አለቀሱ። እኔ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ስኳር ነበረብኝ፣ በኪኒን ተስተካክሎ የቆየ። ከዚያ በኋላ አልወርድ አለ። እግሬ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ለእግሬ ሰጋሁ። ሐኪሙ ምግብህን አስተካክል ይለኛል፣ የምበላው የለም እኮ፣ ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው። ስኳር አድርጌ ነው ደግሞ፣ እሷ ነበረች የምትከለክለኝ።

እገዳው ሲላላ ወንድሞቼ ሰው ጠርተው ዱዓ አደረጉላት። ዘግይቶ ነው፣ ግን መጡ። ያን ቀን ሰው ስሟን እየጠራ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች እያነሳ ሲያወራ ነው ያለቀስኩት። በማግስቱ ተፈወስኩ አልልሽም፣ ውሸት ነው። ግን ምሳ በላሁ። ከዚያ ኪኒኔን መዋጥ ጀመርኩ። እናትሽን ስለ ልጇ የሚጠይቃት ሰው አለ? ሞተ ወይ ኖረ አይደለም። ምን ይወድ ነበር፣ ልጅ ሆኖ ምን ያጠፋ ነበር፣ እንዲህ ብሎ።

ሚጡ ከአራት ኪሎ፦

አባባ እግዜር ይስጥልኝ። የለም። ስሙን ማንም አያነሳም፣ እንዳያማት ብለን እኛም አናነሳም።

ሲስተር ነኝ፦

አባባ፣ ስለ ቁስሉ ያሉት እውነት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ ሴቶችን ክንድ ላይ ትንሽ ቁስል አድርገው ሲከታተሉ፣ ከሌሎቹ ሴቶች ወደ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ነው የዳነላቸው። ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እግርዎን አሁንም ያሳዩ፣ በየጊዜው።

የስድስት ኪሎ ተማሪ፦

ሳይኮሎጂ ነው የማጠናው፣ ስለዚህ የሰባተኛውን አባት ነገር ልቀጥልበት፣ ምክንያቱም የሚጡ ጥያቄ ዋናው ያለው እዚያ ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት አሁን በሚጠቀምበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የተራዘመ ሐዘን ራሱን ችሎ ገብቷል። ከስድስት ወር በላይ፣ የአካባቢው ባህል ከሚጠብቀው አልፎ፣ ሰውየው መኖር እስኪያቅተው ከቀጠለ ሕክምና ያስፈልገዋል ይላል። አሜሪካኖቹ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲያስገቡት ለአዋቂ አንድ ዓመት አደረጉት። እኔን የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ማለት ነው። አያቶቻችን ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያሉ ሐዘንተኛውን በየደረጃው ያወጡት ነበር። በአርባው ይበላል ይጠጣል፣ በሙት ዓመቱ ጥቁሩ ይወልቃል፣ ሰው ይበቃሻል ይላታል። የሚጡ እናት ግን ከየት ቀን ጀምራ ትቁጠር? መርዶ የለም፣ ስለዚህ አርባም የለም፣ ሙት ዓመትም የለም። ያለማቋረጥ የመጀመሪያው ቀን ላይ ናት።

ይሄን ዓይነቱን ሐዘን ለይተው ያጠኑት ፖሊን ቦስ የሚባሉ አሜሪካዊት ናቸው፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ቬትናም ጦርነት ላይ ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ነበር የሚያዩት። እሳቸው የሚሉት ነገር ለእናትሽ በጣም ይሆናል፦ «ሞቷል፣ ተቀበይ» ብሎ ማስገደድ አይሠራም፣ ሰውየው ሐዘኑን ከማውጣት ይልቅ ከአንቺ ጋር ይጣላል። ጥቁር ልበሺ ሲሏት የሆነው እሱ ነው። ሁለቱን ነገር አብራ እንድትይዝ ነው የሚፈለገው። ምናልባት አለ፣ ምናልባት የለም፣ እኔ ግን ዛሬ ምሳ እበላለሁ። የነፍስ አባታችሁን አማክሯቸው፣ ፍትሐት ሳይባል ስለ እሱ ጸሎት ማስደረግ የሚቻልበትን መንገድ እሳቸው ያውቃሉ። ቤት ጠርታችሁ ጎረቤትም ይገኝ። ያኔ ጎረቤቱም ምን እንደሚል ያውቃል፣ አሜን ይላል።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ አማኑኤል ጥሩ ባለሙያ አለው ግን ስሙ የሚያስደነግጣት ከሆነ አትታገያት። ዘውዲቱም፣ ጳውሎስም፣ ጥቁር አንበሳም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ስትሄዱ «ለጭንቅላት» ሳይሆን «እንቅልፍ ስላጣሁ» ትበል፣ ውሸት አይደለም። ድብርት አለባት ካሉና መድኃኒት ከሰጧት ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጅ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብላ እንዳትጥለው። መድኃኒቱ ድብርቱን ያቀላል፣ ናፍቆቱን ግን አይወስድም፣ ለእሱ የሚያወራት ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ድሮ ካዛንቺስ፦

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። እኛ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ተነስተን ገላን ጉራ ነው ያለነው። እናቴ እዚያ በገባች ሰሞን እህቷ ሞተችባት። ቤቱ ቆንጆ ነው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ግን ያስለቀሷት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። እድሯ ተበትኗል፣ አንዱ አራብሳ አንዱ ሌላ ጋ። ከዚያ ወዲህ ወገቤን ትላለች፣ ጉልበቴን ትላለች፣ እኛም የእርጅና ነው ብለን ነበር። አሁን በወር አንድ ጊዜ የድሮዎቹን ጎረቤቶች ስድስት ኪሎ አንዷ ቤት እናገናኛቸዋለን። የታክሲው ወጪ ያማል። ወገቧ ግን እዚያ ቀን ላይ አይነሳባትም፣ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ነው የምትወጣው።

ለሚጡ ግን ዋናው ነገር፦ ወንድምሽን በወጉ ፈልጋችሁታል? በደላላና በወሬ ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ጋር ሆኖ የጠፉ ዘመዶችን ያፈላልጋል። ዋናው ቢሮ ስታዲየም አካባቢ ነው፣ ከአራት ኪሎ ቅርብ ነው። በነጻ ነው። የመንም ጅቡቲም አቻ ማኅበራት አሏቸው፣ እስር ቤትም ያጣራሉ። ይገኛል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ፎርም ሲሞላ፣ ስሙ ሲጻፍ፣ ለእናትሽ የሆነ ሰው ልጇን እየፈለገላት ነው ማለት ነው፣ ሌሊት ብቻዋን አትፈልገውም።

ሚጡ ከአራት ኪሎ፦

ሁላችሁንም ተባረኩ። ወረቀቶቹን አወጣሁ፣ ታይሮይድ የሚል አንድም ቦታ የለም። ነገ አሠራላታለሁ። ኪኒኑ ደግሞ ሲስተር እንደገመተችው ዲያዜፓም ነው፣ አክስቴን አናገርኳት፣ ተናደደችብኝ፣ ይሁን።

ሳይካትሪ ስላት አሁንም አይሆንም አለች። ቀይ መስቀል ስላት ግን ዝም ብላ አየችኝና «እሱን ለመፈለግ ከሆነ ዛሬም እንሂድ» አለች። ለራሷ አትሄድም፣ ለእሱ ግን ትሄዳለች። ስንሄድ ምን እንያዝ? ፎቶ ይጠይቃሉ? እሷ የጥምቀት ቀን የተነሳውን ትላለች፣ እዚያ ላይ ግን ፊቱ በደንብ አይታይም።

ድሮ ካዛንቺስ፦

ፊቱ የሚታየውን ያዙ፣ የቅርብ ጊዜ ከሆነ ይሻላል። የጥምቀቱንም ትያዝላት፣ ምን ቸገረሽ። ሙሉ ስሙ እስከ አያት፣ የተወለደበት ዓመት፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ መጨረሻ የደወለበት ስልክ ቁጥርና ሰዓቱ፣ አብረውት የወጡት ልጆች ስም፣ ሰውነቱ ላይ ምልክት ካለ እሱንም። ጠዋት ሂዱ፣ ቁርስ በልታ ትውጣ።

ሲስተር ነኝ፦

በዚያው ታይሮይዱን ጠዋት አሠሩ። ለእሱ መጾም አያስፈልግም፣ የጾም ስኳር ካዘዙ ግን ቁርሱ ደም ከሰጡ በኋላ ይሁን። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልኝ።